ንጹህ የተባለው መስመር

ሐሙስ ጠዋት አባ ጆሮ መሰላል ደግፎ ጣሪያው ላይ ወጣና የታንከሩን ክዳን ከፈተ። ከፈተና ደርቆ ቀረ። ሰኞ እስከ አፉ የሞላው ታንከር ውስጥ የቀረው ውሃ አንድ ስንዝር አይሞላም። ዓይኑን አሻሽቶ ደግሞ አየ፤ ያው ነው። እነሱ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። ሺህ ሊትሩ እስከሚቀጥለው ሰኞ ሊያደርሳቸው ይገባል፤ ለዓመታትም አድርሶ ይተርፍ ነበር። ሰሞኑን ቅዳሜ ላይ ማለቅ ጀምሮ ነበር፤ ያንን በሙቀቱ አሳብቦ አልፎታል። አሁን ግን ሐሙስ ነው፤ ያውም ገና በጠዋቱ።

«ማን ነው የጠጣው?» አለ፣ ጣሪያው ላይ ብቻውን ቆሞ።

ይህ ነገር ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ከንፈር ተመጦ ይታለፋል። አባ ጆሮ ላይ ሲደርስ ግን ነውርም ጭምር ነው፤ የሰውየው ሥራ የጠፋ ውሃ መፈለግ ነዋ። በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፍሳሽ ሲያዳምጥ ኖሯል። እስከ ትከሻው የሚደርስ ቀጭን የብረት ዘንግ አለው። የታችኛውን ጫፍ መሬት ላይ ያሳርፋል፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ያለችውን የእንጨት ቆብ ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ከመሬት በታች የተቀደደ ቧንቧ ካለ ውሃው ሲወጣ ያፏጫል። እሱም «እዚህ ጋ ቆፍሩ» ይላል፤ ይቆፈራል፤ ይገኛል። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ንጹህ» ብሎ ከጻፈ ደግሞ አካፋ የሚያነሳ የለም፤ አለቃው እንኳ መልሶ አይጠይቅም። የእናት አባት ስሙን የሚያስታውሰው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለቀረው ሰው ሁሉ አባ ጆሮ ነው፤ እሱም በቅጽል ስሙ ደረቱን ይነፋል። መተዳደሪያውም ክብሩም ጆሮው ነበርና አይፈረድበትም።

ባለፈው ወር ለምሳሌ፣ ቁልቁለቱ ሰፈር ውስጥ ካለች ጠባብ መንገድ መጨረሻ የምትኖር አንዲት ልብስ አጣቢ አቤቱታ ይዛ መጥታ ነበር። ውሃው ቤቷ ድረስ አልዘልቅ ብሎ ሥራዋ ሊቆም ነው፤ ከግድግዳዋ ሥርም የሚያፏጭ ነገር ይሰማታል። አባ ጆሮ ሄደ፣ ሦስት ቦታ ዘንጉን ተከለ፣ አዳመጠ፣ «ንጹህ» ብሎ ጻፈ። እዚያ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። እሱ ግን ምክርም መረቀላት። ውሃ የሚያልቅብሽ አያያዝ ስለማታውቂ ነው፣ ልጆችሽን ተቆጣጠሪ፣ ቧንቧ ከፍተው የሚጫወቱት እነሱ ናቸው አላት። ሴትዮዋ እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች «እሺ ጌታዬ» አለችው። ደስ ብሎት ተመለሰ።

እንግዲህ ያን ሐሙስ ከጣሪያው ሲወርድ ቤቴ ውስጥ ቧንቧ አፍስሶ ይሆን የሚል ሐሳብ በአጠገቡም አላለፈ። ቢያፈስ እሱ ይሰማዋል። አልሰማም፤ ስለዚህ አያፈስም። የቀረው ሰው ነው።

ሰዎቹ ሦስት ናቸው። አንዷ ሳሎኑ ጥግ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ለሰው ቀሚስ የምትሰፋው ሚስቱ ናት። ሁለተኛዋ ኮሌጅ የምትማረው ልጁ ስትሆን ሦስተኛዋ ከአራት ወር በፊት ጉልበታቸውን አሟቸው ልጃቸው ዘንድ የመጡት አማቱ ናቸው። ሦስቱንም ሳሎን ሰብስቦ እንደ ዳኛ ተሰየመ። ሚስቱን፣ ዕቃ ስታጥቢ ቧንቧውን ለቀሽ ከደንበኛ ጋር ወሬ ትይዣለሽ አላት። ልጁን፣ አንቺ ፀጉር ስትታጠቢ የጭነት መኪና የሚታጠብ ነው የሚመስለው አላት። ልጅቷ የሆነ ነገር መለሰች፤ እሱም እንደ ሰሞኑ ልማዱ «አፍሽ ውስጥ አታውሪ፣ ድምፅ አውጪ» ብሎ ገሠጻት። አማቱን ግን አልጠራቸውም። ግድግዳ ግድግዳውን እያየ «ከአራት ወር በፊት እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቤት አልነበረም» አለና ተወው።

አማትየው ገባቸው። ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ «እንግዲህ መጠንቀቅ ነው» አሉና ወደ ክፍላቸው ሄዱ። የሚስቱ አስተያየት ይበቃ ነበር።

እስከ ሰኞ ከጎረቤት እየለመኑ ከረሙ። ሰኞ ታንከሩ ሲሞላ ሕግ ወጣ። ዕቃ በሳፋ ይታጠባል፣ ያለቀለቁበት ውሃ ወለል ይወለወልበታል፣ ሻወር ቤት ሳሙና እየታሹ ውሃ ማፍሰስ ቀረ፤ መጀመሪያ መርጠብ፣ ከዚያ መዝጋት፣ ከዚያ መታጠብ። ልጅቷ ወረቀት አስምራ ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፈች፤ እያንዳንዱ ሰው በቀን ስንት ሊትር እንደተጠቀመ ራሱ ይጽፍበታል። አባ ጆሮ ወረቀቱን ወደደው። የራሱን ስም መጨረሻ ላይ ሲያይ ግን ቅር አለው፤ እኔ እንኳን አያስፈልገኝም ነበር አለ። ልጅቷ ያስፈልጋል አለች።

ማክሰኞ ጠዋት አባ ጆሮ መታጠቢያው ፊት ቆሞ እንደ ሁልጊዜው ጢሙን ተላጨ። ቧንቧው ክፍት፣ ምላጩ በእጁ፣ መስታወቱ ውስጥ ሐሳብ እያወጣ እያወረደ ጨረሰና ዘወር ሲል ልጁ ከመታጠቢያው ሥር ባልዲ ስትጎትት አያት። የፍሳሽ ቱቦውን ነቅላ ባልዲ ደቅናበት ነበር። ባልዲው ጢም ብሏል። ሁለተኛው ባልዲም ተጀምሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አላት።

«ጢምህ ነው አባዬ።»

አባ ጆሮ ባልዲውን አየ፣ አገጩን ዳሰሰ፣ ባልዲውን አየ። ሃያ አምስት ሊትር! ሚስቱ ሰኞን ሙሉ ዕቃ ያጠበችበት አስራ ሁለት ነው። አማቱ ገላቸውን የታጠቡበት ስድስት። ስንት ሰው ደጃፍ ቆሞ ስለ ውሃ አያያዝ የሰበከ ሰውዬ ለሁለት ጉንጭ ሃያ አምስት ሊትር ሲደፋ ኖሯል፤ ያውም በየቀኑ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። የሚገባበት ጠፋው። ባልዲውን ራሱ ተሸክሞ ሽንት ቤት መልቀቂያ እንዲሆን አስቀመጠው፤ ወረቀቱ ላይም እጁ እየከበደው «25» ብሎ ጻፈ።

ከነጋታው ጀምሮ በአንዲት ኩባያ ውሃ መላጨት ጀመረ፤ ይቻላልም። እንዲያውም አበዛው። ሩዝ የታጠበበትን ውሃ አበባ ላይ ካላፈሰስን እያለ ድስት ይከታተላል፣ የሚስቱ ደንበኛ ውሃ ስትጠይቅ ግማሽ ብርጭቆ ቀድቶ ይሰጣል። አንድ ቀን ጋዜጣ ይዞ ማንቆርቆሪያው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ሚስቱ ከሳሎን እየሮጠች ገብታ እሳቱን አጠፋችው። ማንቆርቆሪያው ውሃውን ጨርሶ ቂጡ ሊቀልጥ ደርሷል።

«ሲጮህ አትሰማም?» አለችው።

ፉጨቱ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ጣዪው አላት፤ አንድ ሊትር ሙሉ በእንፋሎት መሄዱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያብከነክነው ዋለ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አባ ጆሮ በኩራት መሰላሉን ወጣ። ወረቀቱን ደምሮታል፤ አራቱ ሰዎች ከሰኞ ወዲህ የተጠቀሙት አራት መቶ ሊትር አይሞላም። ታንከሩ ከግማሽ በላይ መሆን አለበት። ክዳኑን ከፈተ።

ባዶ ሊሆን ነው። የቀረችው ውሃ ሦስት ጣት አትሞላም፤ ከሥሯ ዝቃጩ ይታያል።

ጣሪያው ላይ ቁጭ አለ። ስድስት መቶ ሊትር ውሃ ማንም ሳይነካው የት ይገባል? ታንከሩን ዞረው፤ ደረቅ ነው። ወርዶ ዘንጉን አመጣና ከታንከሩ የሚወርደውን ቧንቧ፣ የወጥ ቤቱን፣ የሻወር ቤቱን፣ የግቢውን ሁሉ አዳመጠ። ዝም ነው። ንጹህ ነው። እንግዲያው የሚዋሽ ሰው አለ። ወረቀቱ ፊት ቆመና አንድ በአንድ አነበበው። ከሁሉም ትንሽ የጻፉት አማቱ ናቸው፤ አስር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት እያለ ይወርዳል። ይህቺ ትንሽነት ራሷ አጠራጠረችው። ሦስቱም እየሰሙት «ይሄ ወረቀት ይዋሻል» አለ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ሚስቱ መጣችና የስፌት መርፌዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች ፊቱ ቆመች። መርፌዋን አወጣች።

«እናቴ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነው። ወንድሜ ጋ ልትሄድ ነው።»

«ምነው?»

«ከምሳ በኋላ ውሃ መጠጣት ካቆመች ሁለት ሳምንቷ ነው። ሽንት ቤት ላለመሄድ። መልቀቂያውን ላለመጫን። ዛሬ ነው ያወቅኩት፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ሳይ ጠየቅኳት።»

አባ ጆሮ ቀጭኗን «ስምንት» ወረቀቱ ላይ ሲያያት ውሸት መስላው ነበር። የሰባ ዓመት ሴት፣ የሚስቱ እናት፣ በእሱ ቤት ውሃ ጠምቷቸው ከርመዋል። እየተደናበረ ክፍላቸው ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሹራባቸውን ያጥፋሉ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

አማትየው ሹራቡን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አልተቀየሙም፤ ወይም ተቀይመው ትተውታል። «ልጄ፣ እኔ አልተከፋሁብህም» አሉት። «አንተ ሙያህ ስለሆነ ነው እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ። ግን ውሃውን የሚጨርሰው ያ ሽንት ቤት ይመስለኛል። ሲያፏጭ ውሎ ሲያፏጭ ያድራል።»

«ምን ያፏጫል?»

«ሽንት ቤቱ ነዋ። ከመጣሁ ጀምሮ።»

አባ ጆሮ ሊስቅ ነበር። በሩ ላይ ወደ ቆመችው ሚስቱ ዘወር ሲል ግን እሷ አልሳቀችም። ልጁም ከኋላዋ ቆማለች፤ እሷም አልሳቀችም።

«ይሰማሻል?» አላት ሚስቱን።

«ይሰማኛል።»

«አንቺስ?»

«እኔም» አለች ልጅቷ። «ድምፁ'ኮ ሳሎን ድረስ ይመጣል አባዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ሚስቱ ግራ ገባት። በዚህ ቤት ለአባ ጆሮ ስለ ፍሳሽ መንገር ለወፍጮ ቤት ባለቤት ስለ ዱቄት እንደ መንገር ነበር። «አንተ አጠገቡ ትውላለህ፣ ትላጫለህ፣ ትታጠባለህ» አለችው። «ፍሳሽ የለም ስትል፣ የሆነ የማይጎዳ ድምፅ ነው ብለን ተውነው። እኛ ከአንተ በላይ ልንሰማ ነው?»

አባ ጆሮ ወደ ሽንት ቤቱ ሄደና መካከሉ ላይ ቆመ። ጸጥ ያለ ክፍል ነው። በሩን ዘጋ፣ ትንፋሹን ያዘ፤ ጸጥታ። ዘንጉን አምጥቶ የውሃ ማጠራቀሚያው ሳጥን ላይ አሳረፈና ቆቧን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ሃያ ስድስት ዓመት የሚያውቃት ቀጭን ፉጨት የለችም። ጆሮውን ቀየረ። የለችም።

«አሁንም እያፏጨ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«አዎ» አሉ ሦስቱም፣ ከውጭ ሆነው በአንድ ላይ።

ያን ጊዜ ድንጋጤው ከእግሩ ጀምሮ ወጣ። ያኔም ቢሆን ልቡ አላመነም፤ ሰው ጆሮውን ለማመን ሃያ ስድስት ዓመት ከለመደ አለማመኑን በአንድ ጠዋት አይማረውም። በየሰው ቤት ሲያስተምረው የኖረው ዘዴ አለ። ነጭ ልብስ የሚለቀለቅበትን ሰማያዊ ዱቄት አስመጣ፣ የሳጥኑን ክዳን አነሳ፣ አንድ ማንኪያ በተነበት፤ ማንም መልቀቂያውን እንዳይነካ አለ። አራቱም በጠባቧ ክፍል ተጠጋግተው መቀመጫው ውስጥ ያለውን ንጹህ ውሃ ማየት ጀመሩ። አማትየው እንኳ ጉልበታቸውን ረስተው ቆመዋል።

ደቂቃ አልሞላም። ከላይ አንዲት ሰማያዊ ክር ነጩን ገላ ይዛ ወረደች። ሁለተኛ ተከተለች። ከዚያ ውሃው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ።

አባ ጆሮ አፉን በእጁ ይዞ ቀረ። የሳጥኑ ወለል ላይ ያለችው የላስቲክ ክዳን ጠርዟ ተበልቶ ውሃው እየሾለከ ኖሯል። መዳፍ የምታህል ላስቲክ ናት። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ በሩብ ሰዓት ቀየራት። ሚስቱ «ቆመ» አለችው። ለእሱ ያኔም ጸጥታ ነበር፣ አሁንም ጸጥታ ነው። ልዩነቱን ሰው ሊነግረው ግድ ሆነ።

ማንቆርቆሪያው ትዝ አለው። «አፍሽ ውስጥ አታውሪ» እያለ የሚቆጣት ልጁ ትዝ አለችው። ቀጥሎ የመጣበት ግን ከዚያ ሁሉ የባሰ ነበር። ኮቱ ኪስ ውስጥ እጁን ሰዶ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። አራት ወር ወደ ኋላ ገለጠ። ንጹህ። ንጹህ። ንጹህ። ገጽ ከገጽ ንጹህ ነው። እንዴት ሳያስተውለው ቀረ? ድሮ ከአስሩ ሦስቱ አራቱ ይቆፈር ነበር፤ ከአራት ወር ወዲህ የተቆፈረ አንድም የለም። መስመሩ ሁሉ ድንገት የዳነ መስሎት በልቡ ለመሥሪያ ቤቱ ምስጋና ሰጥቶ ነበር።

«ነገ ከእኔ ጋር ትመጪያለሽ» አላት ሚስቱን።

«ወዴት?»

«ቁልቁለቱ ሰፈር። ነገ የእነሱ የውሃ ተራ ነው። ሰኞ ዘንጉን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እውነቱን እነግረዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ይህቺን ማወቅ አለብኝ።»

ሚስቱ ስፌቴን ልጨርስ አላለችም። አማትየውም ሻንጣቸውን ከአልጋው ሥር መለሱት፤ ሲመልሱትም አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ አስቀድተው እስከ መጨረሻው ጠጡ። አባ ጆሮ ሲጠጡ ማየት አልቻለም፤ ፊቱን አዞረ።

እሑድ ጠዋት ጠባቧ መንገድ ጭር ብላለች። የልብስ አጣቢዋ የማስጫ ገመዶች ከግንብ እስከ ግንብ ተወጥረዋል፤ አንድም ልብስ የለባቸውም። አባ ጆሮ ለሚስቱ አሳያት፤ ጫፉን እዚህ አሳርፊ፣ ቆቧን እንዲህ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ አትተንፍሺ። መጀመሪያው ቦታ ላይ ራሷን ነቀነቀች፤ የለም። ሁለተኛው ላይም የለም። ልቡ ትንሽ መለስ አለ፤ ምናልባት እዚህ እንኳ አልተሳሳትኩም አለ። ሦስተኛው ከልብስ አጣቢዋ ግድግዳ ሥር ነው። ሚስቱ ጎንበስ አለች፤ ወዲያው ዓይኗን ከፈተች።

«ያፏጫል» አለችው። «ልክ እንደ ቤታችን፤ ግን ይበረታል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ዘንጉን ከጆሮዋ አራቀችው። «አሁን ያለ ዘንጉም ይሰማኛል።»

አባ ጆሮ ግድግዳውን ተደገፈ። በእጁ መዳፍ ሥር፣ በእሱ ጸጥታ ውስጥ፣ ውሃው ስንት ቀን ስንት ወር ሲሄድ እንደከረመ እያሰበ ሳለ በሩ ተከፈተና ልብስ አጣቢዋ ባዶ ጀሪካን ይዛ ወጣች። ስታየው ወዲያው አወቀችው። ጀሪካኑን ቶሎ ከኋላዋ አደረገችው።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋን?»

ባለፈው አንቺ እያለ የመከራትን ሴት ዛሬ እርስዎ አላት። ያጠፉት ነገር እንደሌለ፣ ፍሳሹ ከግድግዳዋ ሥር እንደነበር፣ የነገረችው ሁሉ ትክክል እንደነበርና መስማት ያቃተው እሱ እንደሆነ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ነገ ተቆፍሮ ይሠራል አላት። ከዚያም ስድቡን ለመቀበል ቆመ፤ ቢሰደብ ይቀለው ነበር።

ሴትዮዋ አልተሳደበችም። መሬቱን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ውስጥ ዞር ብላ አየች። ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ።

«እኔ'ኮ ልጆቼን ገርፌያቸዋለሁ» አለች፣ በዝቅተኛ ድምፅ። «ውሃውን የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ ብዬ። አልነካንም ሲሉኝ፣ ትዋሻላችሁ ብዬ ደግሜ።»

ይህቺን አባ ጆሮ ጥርት አድርጎ ሰማት።